በቁሟ የተለቀሰላት መልእክተኛ

ቢቸና ውስጥ መሪጌታ ሣህለ ማርያም የሚባሉ የቅኔ መምህር ነበሩ። ግቢያቸው ዙሪያውን የተማሪ ጎጆ ስለሆነ ብቸኛ ልጃቸው ባንቺዓለም አፏን የፈታችው በተማሪዎቹ ቋንቋ ነው። አባቷን «አባዬ» ብላ ጠርታ አታውቅም፤ እሷም እንደ ተማሪው ሁሉ «የኔታ» ትላቸዋለች። እናቷ ወይዘሮ ይርጋነሽ በዚህ ሲስቁ «ልጅ ወለድሁ ስል ለካ ተማሪ ነው የጨመርሁላቸው!» ይሉ ነበር።

ባንቺዓለም አስኳላ ገብታ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨረሰች። በ1972 ዓ.ም. ክረምት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል እንድታስቆጥር ሞጣ ተመደበች። ያረፈችው እትዬ ዓሊማ ቤት ነው። ዓሊማ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የጨርቅና የቅመም ሱቃቸውን ብቻቸውን የያዙ፣ አንደበታቸው ፈጣን፣ እጃቸው ሰፊ ሴት ናቸው። ለክርስቲያን እንግዳቸው የተለየ ድስትና የተለየ ቢላዋ ለይተው፣ «ሥጋሽ ለብቻሽ፣ ሥጋዬ ለብቻዬ፤ ሽሮው ግን የሁለታችን ነው» አሏት። ሁለቱ እንደ እናትና ልጅ ሆነው ክረምቱን ገፉት።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ በጠናበት ሰሞን፣ ባንቺዓለም በቀበሌው አዳራሽ እናቶችን ስታስተምር አንድ ላንድሮቨር መጥቶ ከበሩ ቆመ። ሁለት ጠመንጃ የያዙ ሰዎችና አንድ ካፖርት የደረበ ሹም ወረዱ። ሹሙ አንገቱን በበሩ አስገብቶ፣

«ባንቺዓለም ሣህለ ማርያም የምትባለው ማናት?» አለ።

ባንቺዓለም ጠመኔውን እንደያዘች ወጣች። ሹሙ ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር ቆሞ ነገሩን ባጭሩ ነገራት። ከክፍለ ሀገሩ ምሥራቅ ጀርመን ሄደው እንዲማሩ ከተመረጡት ልጆች አንዷ ታማ ቀርታለች፤ ቦታው ባዶ ከሚሆን ውጤቷና የዘመቻ ሥራዋ ታይቶ እሷ እንድትተካ ተወስኗል።

«የትምህርት ዕድል ብቻ እንዳይመስልሽ» አላት። «የሕዝቦች ወዳጅነት መልእክተኛ ነሽ። እዚያ የሚያዩሽ ሁሉ አገርሽን የሚያውቁት ባንቺ ነው።»

ደስታ ይሁን ድንጋጤ ለባንቺዓለም ለራሷም አልለየላት።

«ወላጆቼን ልሰናበት፤ ቢቸና ደርሼ ልምጣ።»

«መንገዱን ጎርፍ በልቶታል፤ መኪና አያልፍም። አውሮፕላኑ ደግሞ ከባሕር ዳር ነገ ጠዋት ይነሣል። ለወላጆችሽ የቢቸናው ቀበሌ ሊቀ መንበር ጓድ ደምለው ይነግራቸዋል። አሁን በስልክ አዘነዋል።»

ልብሷን እንኳ ለመውሰድ ጊዜ አልሰጧትም፤ ሁሉም አዲስ አበባ ይታደላል አሏት። በሁለቱ ጠመንጃ ያዦች መካከል ተቀምጣ፣ ጠመኔ የነካ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣ ዞር ብላ ስታይ ተማሪዎቿ በሩ ላይ ተደራርበው ቆመዋል። እጇን አነሣችላቸው። አንዳቸውም አልመለሱላትም።

አዲስ አበባ ላይ ለሚጓዙት ልጆች ምክር ተሰጣቸው። መልእክተኛ ስለ ብርድና ስለ ናፍቆት አያጉረመርምም፤ ደብዳቤውም እንደ ባንዲራ የትም ቢሰቀል የማያሳፍር ይሁን ተባሉ። ደብዳቤ እንደሚከፈት ሁሉም ያውቃል። ባንቺዓለምም አባቷ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸውና በእሷ ምክንያት በክፉ እንዳይታዩ ሰጋች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጽፍላቸው «ለተከበሩ ጓድ ሣህለ ማርያም» ብላ ጀመረች። የአብዮቱን ፍሬ አወደሰች፣ የሕዝቦች ወዳጅነት እንዲለመልም ተመኘች፣ ደኅና ነኝ አለች፣ አበቃች።

ላይፕዚግ ቋንቋ ተማረች፤ ከዚያ ነርስነት። እሑድ እሑድ ትምህርት ቤትና ፋብሪካ እየተወሰደች ስለ አገሯ ትናገር ነበር። ለዚያ የምትለብሰውን ጥልፍ ቀሚስ ከአንዲት አዲስ አበቤ ጓደኛዋ ነበር የምትዋሰው። አንድ ጊዜ አንዲት ሸማኔ አሮጊት «እናትሽ የት እንዳለሽ ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀቻት። ባንቺዓለም «አዎ፣ ደብዳቤዬ በደረሰ ቁጥር አባቴ ያነቡላቸዋል» ብላ መለሰች። ይህን ስትል ከቤት አንዲት መስመር መልስ አግኝታ አታውቅም። ጻፈች፤ ፎቶግራፍ ላከች፤ ደግማ ጻፈች። ዝም። የኔታ ሳይመርቋት በመሄዷ ተቀይመዋል ብላ አመነች። ያ እምነት አራት ዓመት ሙሉ እንደ ጠጠር ጫማዋ ውስጥ ኖረ።

በ1976 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ተመለሰች። ባሕር ዳር ሄዳ ሪፖርት እንድታደርግ ታዘዘች፤ እዚያም ወደ ሥራ ከመግባቷ በፊት ወላጆቿን እንድታይ ፈቃድ ሰጧት። በማግሥቱ በሞጣ አውቶቡስ ተሳፈረች። እግረ መንገዷን እትዬ ዓሊማን ሳልስም አላልፍም ብላ ሞጣ ወረደች።

ገበያው ገና አልተበተነም። ዓሊማ ከሱቃቸው ደጃፍ ቆመው ለአንድ ባላገር አቡጀዲ በክንዳቸው ይለካሉ። ባንቺዓለም ሻንጣዋን አስቀምጣ ፈገግ አለች።

«እትዬ ዓሊማ፣ እንዴት ሰነበቱ?»

ዓሊማ ቀና አሉ። አቡጀዲው ከእጃቸው ተተርትሮ ጭቃው ላይ ወደቀ። ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ የበርበሬውን ቁና ገለበጡት።

«አዑዙ ቢላሂ!» አሉ በመጨረሻ። «ምን በደልሁሽ? ልብስሽን እንደሁ አድርሻለሁ። እንባዬንም አልሰሰትሁብሽም። ምን ፈልገሽ መጣሽ?»

ባንቺዓለም የሰማችው ሊገባት አልቻለም። ወደ ሱቁ አንድ እግሯን ስታነሣ ባላገሩ ገንዘቡንም ጨርቁንም ትቶ ሸሸ።

«ኧረ እትዬ ዓሊማ፣ እኔ ነኝ! ባንቺዓለም ነኝ!»

«መሆንሽንማ አየሁ። የሞትሽውም አንቺው ነሽ።»

«ማን ሞተ?»

«አንቺ ነሻ!»

ዓሊማ ከበሩ መቃን ተለጠፉ። ከዚያ ክንዳቸውን በጣም ዘርግተው «ከሆንሽ እጅሽን ስጪኝ» አሉ። ባንቺዓለም ሰጠቻቸው። ዓሊማ ጨበጡት፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ደባበሱት፤ ሙቀቱን ሲያውቁ ሳብ አድርገው ደረታቸው ላይ ለጠፏት። ጩኸታቸው ገበያውን ከዳር እስከ ዳር አስደነገጠው። እየሳቁ ነው እንዳይባል እንባቸው ይወርዳል፤ እያለቀሱ ነው እንዳይባል እልል ይላሉ።

ሱቁ ውስጥ በር ዘግተው ሲቀመጡ ባንቺዓለም ሙሉውን ሰማች።

«ጠመንጃ ያዦች ወሰዷት ብለው ተማሪዎችሽ እየሮጡ መጡ» አሉ ዓሊማ። «የቀበሌውን ሰው ብጠይቅ ‹ለትምህርት ሄዳለች› አለኝ። ለየትኛው ትምህርት? ሌላ ልብስ ሳትይዢ? ሳትሰናበችኝ? መንገዱ ሲጠግግ ልብስሽን በጨርቅ ቋጥሬ ቢቸና ሄድሁ። እናትሽ ገና ልብስሽን ሲያዩ ከመደብ ወደቁ። እኔ ነኝ ልጄ መርዶሽን ያረዳሁት። እስላም ነኝ ብዬ አልቀረሁም፤ ሰልስትሽን አብሬ ተቀመጥሁ። ደረቴን ደቃሁልሽ።»

ሰልስቷ! በዚያ ሰዓት ባንቺዓለም የት ነበረች? ምናልባት አዲስ አበባ ኮት ስትለካ ነበር። ምናልባት አውሮፕላኑ ውስጥ፣ ከረሜላ ስትቀበል።

«እናቴስ?» አለች።

ዓሊማ ፊታቸውን ወደ ቅመሙ መደርደሪያ አዞሩ።

«አሉ። በሕይወት አሉ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ታዲያ ምነው ፊትዎን አዞሩ?»

«ሌላውን አባትሽ ይንገሩሽ። የአባትሽን ቃል አልቀማም።»

በማግሥቱ ጠዋት ዓሊማ ሱቃቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው አብረዋት ተነሡ። ብቻዋን አልሄድ ያለችው ባንቺዓለም አይደለችም፤ አልለቅሽም ያሉት እሳቸው ናቸው። «ዝም ብለሽ ብትገቢ አባትሽን ትገያቸዋለሽ። መርዶውን ያመጣሁ እኔ፣ ምሥራቹንም እኔ ልውሰድ። የሞተ ሲረዳ እንጂ የኖረ ሲረዳ ሰምቼ አላውቅም፤ ብቻ እንደ አፌ አድርጌ እነግራቸዋለሁ» አሉ። እህል የጫነ መኪና ላይ ወጡ። ደብረ ወርቅ ሲደርሱ ሾፌሩ ራዲያተሩ ላይ ውሃ ሊጨምር ቆመ። ባንቺዓለም ወደ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዞራ ስትሳለም ዓሊማ ሻሻቸውን ዓይናቸው ድረስ ስበው መኪናው እስኪነሣ አቀረቀሩ።

ቢቸና ሲወርዱ ዓሊማ ከአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር አስቀመጧትና ወደ መሪጌታ ግቢ ሄዱ። ባንቺዓለም ቁጭ ብላ አልሆነላትም፤ ቆማም አልሆነላትም። ልጅ ሆና የተንጠላጠለችበት ቅጥር፣ የምታውቀው የዋርካ ጥላ፣ ሁሉም እንደ ነበረ ነው። ውሃ የምትቀዳ አንዲት ኮረዳ አለፈች፤ አላወቀቻትም። ቀጥላ አንዲት አሮጊት መጣች፤ አየቻት፤ ሦስት ጊዜ አማተበችና መንገዷን ለውጣ በእርሻው ውስጥ ሄደች።

ድንገት ከግቢው ጩኸት ተነሣ። ለለቅሶ የሚጮኸው ያው ጩኸት ነው። ባንቺዓለም የኔታ ደንግጠው ሞቱ ብላ ልትሮጥ ተነሣች። ከዚያ በመንገዱ ላይ አየቻቸው። መቋሚያቸውን እየመረኮዙ፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ መሬት እየጎተተ፣ ከኋላቸው የተማሪ ግርግር አስከትለው ይመጣሉ። ስትሄድ ጥቁር የነበረው ጢማቸው ነጭ ሆኗል። ጥቂት ርምጃ ሲቀራቸው ቆሙ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ግንባራቸውን አኮማትረው አዩአት። አጭር የተቆረጠ ጸጉሯን፣ የፈረንጅ ጫማዋን አዩ። አልቀረቡም።

«ድምፅሽን አሰሚኝ» አሉ።

ብዙ የምትለው ነበራት። በአውሮፕላን፣ በባቡር፣ በአውቶቡስ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። ከአፏ የወጣው አንድ ቃል ነው።

«የኔታ።»

መሪጌታ ሣህለ ማርያም መቋሚያቸው ከእጃቸው ወደቀ። እሳቸውም እዚያው፣ መንገዱ መካከል፣ ቁጭ አሉ።

ሰው ሁሉ ሲረጋጋ፣ ቤት ገብተው ውሃ ከቀመሱ በኋላ፣ መሪጌታ እጇን ሳይለቁ ተናገሩ።

«የጎረቤታችንን የእትዬ አገሬን ልጅ ታስታውሺዋለሽ?»

ታስታውሰዋለች። በ1970 ሲወሰድ እሷም ቢቸና ነበረች።

«ደምለው መጥቶ አገሬን ‹ልጅሽ ለትምህርት ተልኳል› አላት። እሷም አምና ስንቅ ስትቋጥር ከረመች። በኋላ ከከተማው ዳር ከእነጓደኞቹ ከአንድ ጉድጓድ መጣሉን ሰማን። እንዳታለቅስ እንኳ ከለከሏት። ከዚያ ወዲያ በኛ ቀዬ ‹ለትምህርት ተላከ› ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ያውቀዋል። ያው ደምለው፣ በዚያው እግሩ፣ በዚያው አፉ መጥቶ ‹ልጅዎ ለትምህርት ውጭ አገር ተልካለች፤ የወዳጅነት መልእክተኛ ሆናለች› ሲለኝ ምን ላስብ? እባብ ያየ በልጥ በረየ።»

«ደብዳቤዬስ?»

«አንዱን አነበብሁት። ‹ጓድ ሣህለ ማርያም› ይላል። አንቺ እኔን ጓድ? ዕድሜዬን ሙሉ ሰሙን ገፍፌ ወርቁን ሳወጣ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ሌሊት ከቀን ያንን ወረቀት አገላበጥሁት። የአብዮት ፍሬ፣ የሕዝቦች ወዳጅነት… የልጄ ድምፅ የለበትም። ገድለው በስሟ ይጽፉልኛል አልሁ። ከዚያ በኋላ የመጡትን ሳልከፍት እሳት ውስጥ ከተትኋቸው። ለካ ወርቅ አልነበረውም። ሰሙ ራሱ እውነት ነበር።»

ባንቺዓለም ስለዚያ ፎቶግራፍ አሰበች። በረዶ ላይ ቆማ ስትስቅ የተነሣችው ነበር። እሳት ውስጥ ገብቷል። በአባቷ ግን መፍረድ አልቻለችም። የአገሬን ልጅ ታሪክ እሷም ታውቀው ነበር፤ ላንድሮቨሩ ላይ ስትወጣ አንዲት ጊዜ እንኳ ትዝ አላላትም።

«እማዬስ የት አለች?» አለች። ቤቱን ስትቃኝ ቆይታለች። ምድጃው የሴት እጅ የራቀው ምድጃ ነው።

መሪጌታ እጇን አጥብቀው ያዙ።

«ሙት ዓመትሽ እንደ ወጣ መነኮሰች። ቆብ ደፍታ ደብረ ወርቅ ገባች። ከለከልኋት፤ ‹ልጄን የወሰደ ዓለም ምን ይሠራልኛል› አለችኝ። ተሰናብተን ተለያየን።»

ባንቺዓለም ቀስ ብላ ወደ ዓሊማ ዞረች። ዓሊማ አንገታቸውን ደፍተዋል። ጠዋት መኪናው ውሃ ሊጨምር ሲቆም በእናቷ ደጅ አጠገብ ማለፏን ስታውቅ እንደ ሕፃን ጮኻ አለቀሰች።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ደምለው ወሬውን ሰምቶ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። አስቀድሞ ግቢው በር ላይ ቆመ፤ ማንም ግባ አላለውም፤ ገባ። ባንቺዓለምን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ታዲያ ብዬ አልነበረም?» አለ። «ሄዳለች አላልሁም?»

ከጎረቤት የመጣችው እትዬ አገሬ ከጥግ ተናገረች። «ለኔም ብለኸኝ ነበር» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

ደምለው ፊቱ አመድ መሰለ። መሪጌታ ልጃቸው ሞታለች ብለው ማልቀሳቸውን እንኳ እስከዚያች ቀን አያውቅም ነበር። አብዮት የበላው ሰው በይፋ ስለማይለቀስ መሪጌታ ያኔ የሩቅ አጎት ሞተ አስብለው ነበር ድንኳን የጣሉት። ደምለውም እንደ ጎረቤት መጥቶ፣ አጽናንቶ፣ ተቀምጦ ሄዷል።

«ያ ለቅሶ… ያ የአጎትየው ለቅሶ…» አለ። «እኔ የበላሁት ንፍሮ የእሷ ነበር?»

«የእሷ ነበር» አሉ መሪጌታ።

ደምለው ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ቆየ። «የላኩኝን ነው የምናገረው» አለ። «የአገሬን ልጅ ጊዜም የነገሩኝን ነው የተናገርሁት። አንድ ጊዜ እውነት ይዤ ብመጣ እሱንም የሚያምነኝ ጠፋ።» ይህን ብሎ ወጣ። ወደ አገሬ ቀና ብሎ ማየት ግን አልቻለም።

በዚያው ምሽት መሪጌታን ሌላ ጭንቅ ያዛቸው። የንስሐ አባታቸውን አስጠርተው «ፍትሐት አስደርሻለሁ፤ ተዝካር አውጥቻለሁ። በሕይወት ላለች ነፍስ የተጸለየው ጸሎት ለማን ደረሰ? ኃጢአት አይሆንብኝም?» አሏቸው። ቄሱ በዓይናቸው ወደ አገሬ ጠቆም አድርገው «የሚያለቅስለት ላጣ ሁሉ ደርሷል፤ አይጨነቁ» አሉ። አገሬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓሮ ወጣች። ባንቺዓለም ተከትላት ሄደች፤ ሁለቱ እዚያ ብዙ ቆዩ።

ሲነጋ ወደ ደብረ ወርቅ ሄዱ። አባትና ልጅ፣ ዓሊማም አብረው። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አጠገብ የመነኮሳይያቱ ጎጆዎች ተደርድረዋል። መሪጌታ በር ላይ ቆመው «እማሆይ ወለተ ገብርኤል» ብለው ጠሩ። ባንቺዓለም ማንን እንደሚጠሩ ለቅጽበት ግራ ገባት። የእናቷ የክርስትና ስም መሆኑን ታውቃለች፤ በዚህ ስም የሚጠራቸው ሰው ግን ሰምታ አታውቅም።

ብጫ ቀሚስ የለበሱ፣ ቆብ የደፉ፣ ቀጭን ሴት ጎንበስ ብለው ወጡ። ባለቤታቸውን ሳይሆን መጀመሪያ ዓሊማን አዩ፤ «ደግሞ ምን አመጣሽብኝ?» እንደማለት ፊታቸው ጠወለገ። ዓሊማ ከፊት ለፊት ዞር አሉና ከኋላቸው የነበረችውን ገለጡ።

እማሆይ አልጮኹም። አላማተቡም። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቀረቡና የልጃቸውን ፊት ከግንባሯ እስከ አገጯ ዳሰሱ። ጆሮዋን ገልብጠው ከኋላው ያለችውን ጠባሳ ፈለጉ፤ በልጅነቷ ከአጥር ወድቃ የተቆረጠችውን። አገኟት። ያኔ ድፍት አሉ፤ ባንቺዓለም ባትደግፋቸው መሬት ይወድቁ ነበር። ነርስነቷን ረሳችው፤ ልባቸውን ማዳመጥ፣ እግራቸውን ከፍ ማድረግ፣ ሁሉንም ረሳችው። «እማዬ! እማዬ!» ብቻ ትላለች።

ሲነቁ በመጀመሪያ ያሉት «አይበርድሽም? ልብስሽ ስስ ነው» የሚል ነው።

«ነይ ቤት እንሂድ» አለች ባንቺዓለም። «እኔ አለሁ፤ አልሞትሁም። ነይ ወደ ቤትሽ።»

እማሆይ ቆባቸውን በእጃቸው ነካ አደረጉ።

«ይህ አይወልቅም፣ ልጄ። ሲደፉልኝ ፍትሐት ተደርጎልኛል፤ ተገንዤ ነው የተነሣሁ። አንቺ ሳትሞቺ ተለቀሰልሽ። እኔ ግን የእውነቴን ነው የሞትሁት።»

«ስለኔ ብለሽ አይደለም? እኔ ከመጣሁ…»

«ስላንቺ ገባሁ። የተሳልሁት ግን ለእግዚአብሔር ነው። እሱ አልዋሸኝም፤ ደምለው እንኳ ለካ አልዋሸኝም። ማንን ልክሰስ?»

ባንቺዓለም ቁጣዋ ገንፍሎ መጣ። የላኳትን፣ ሳትሰናበት የወሰዷትን፣ ያንን ካፖርት የደረበ ሹም፣ ራሷንም ረገመች። በየአዳራሹ ቆሜ ሕዝብን ከሕዝብ ሳስተዋውቅ ከእናቴ የሚያደርሰኝ አንድ ሰው አጣሁ አለች። እናቷ ይህን ሁሉ አንዴም ሳያቋርጡ ሰሙ። ሲያበቃላት ቆሎ አቀረቡላቸው። ባልና ሚስት የነበሩት ሁለቱ ሽማግሎች ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ከአንድ ሰፌድ ቆሎ ቆረጠሙ።

ባንቺዓለም በጠየቀችው መሠረት ሞጣ ጤና ጣቢያ ተመደበች። መኖሪያዋ ዓሊማ ቤት ሆነ። በበዓል በበዓል ደብረ ወርቅ እየሄደች ከእናቷ ጎጆ ትውላለች፤ እዚያ «እማሆይ» ትላቸዋለች፤ ማንም በሌለበት ግን «እማዬ»። መሪጌታ ከዚያ ወዲህ ብዙ አልኖሩም፤ ያለፉት ግን በልጃቸው እጅ ነው። ሰው ግን ጨርሶ አልለመዳትም። በሞጣ ገበያ እሷን ሲያዩ ድንገት የሚያማትቡ ባላገሮች እስከ ብዙ ጊዜ ነበሩ፤ መርፌ ልትወጋቸው ስትጠጋ እጇ ይሙቅ አይሙቅ ቀድመው የሚነኩም ነበሩ።

ከተመለሰች በሁለተኛው ዓመት ደምለው ራሱ ሞጣ ድረስ መጣ። ጸጉሩ ሸብቷል። ከጤና ጣቢያው ደጅ ከበሽተኞች ጋር ተራ ይዞ ተቀመጠ።

«ከቢቸና አንዲት ልጅ ቡልጋሪያ ልትሄድ ተመረጠች» አላት ተራው ሲደርስ። «የፈንታነሽ ልጅ ናት፤ አባቷ ሞቷል። እኔ ሄጄ ከነገርሁ ቤቱ ለቅሶ ይቀመጣል። አንቺ ብትሄጂልኝ?»

ባንቺዓለም የያዘችውን መርፌ አስቀመጠች።

«በአንድ ነገር» አለች። «ልጅቷ ከእናቷ ጋር ሳትሰናበት ማንም አይወስዳትም። መኪናው ይቁም፣ አውሮፕላኑ ይሂድ፣ ግድ የለኝም።»

«ይሁን» አለ ደምለው። እንደሚችል ርግጠኛ ባይሆንም።

ሄደች። ፈንታነሽ ቤቷ ከቢቸና ወጣ ብሎ ነው፤ የገብስ እርሻዋን ስታርም አገኘቻት። ባንቺዓለም ቁልጭ አድርጋ ነገረቻት፤ የትና ለስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ምን እንደምትማር፣ ደብዳቤ ምን ያህል እንደሚዘገይ። ሲጽፉም በቤት ስማቸው እንዲጠራሩ፣ ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት አንዳች ነገር እንዲያኖሩበት መከረች። ፈንታነሽ አረሙን በእጇ እንደያዘች ሰማች። ስለ ባንቺዓለም ታውቃለች፤ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ከእግሯ እስከ ራሷ ደጋግማ አየቻት።

«እውነት ነው እንግዲህ» አለች በመጨረሻ።

«እውነት ነው።»

ፈንታነሽ አረሙን ጣለችና እጇን ከቀሚሷ ጠረገች።

«ብርዱ እንዴት ነው? ጋቢ ብሠራላት ይበቃታል?»

«ጋቢው ለመኝታ ይሁናት» አለች ባንቺዓለም፤ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «በክረምታቸው የሚበርደው እግር ነው። ሱፍ ክር ካገኘሽ ወፍራም ካልሲ ይሠራላት፤ ሁለት ሦስት ይሁን።»